እብነ በረድ ወይስ ፖርስሊን? ሻወሩን ከማጽዳትሽ በፊት

ውድ እህቴ፣ የምትሠሪበት ቤት የመታጠቢያ ክፍል ግድግዳና ወለል ከምን እንደ ተሠራ ታውቂያለሽ? ነገሩ የግንበኛ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ያንን ግድግዳ በየቀኑ የምትፈትጊው አንቺ ነሽ፤ ቢበላሽም መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺው ነሽ።

ለምክር ወደ እኛ ከሚመጡት እህቶች መካከል “እብነ በረዱን አበላሽተሻል ተብዬ ደመወዜ ተያዘ” የሚሉ አሉ። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ደባልቀው ደረታቸውን የታመሙም አሉ። ሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ይሁን ሴራሚክ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውም ምን እንደ ሆነ ሳይለዩ ሥራ መጀመር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ይህን ትምህርት በአንድ ቀን ማንበብ አይጠበቅብሽም። ክፍል በክፍል አንብቢው፤ ከዚያ ሻወር ቤት ገብተሽ በዓይንሽ አረጋግጪው።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

እብነ በረድ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የተፈጥሮ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ በምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ እብነ በረድ ይሆናል። ዋናው ንጥረ ነገሩ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። ትራቨርቲን የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቡናማ ድንጋይም የዚሁ ዘመድ ነው። ግራናይት ግን የተለየ ድንጋይ ነው። ነጠብጣብ የበዛበትና በጣም ጠንካራ ነው፤ አቼቶ እንደ እብነ በረድ ቶሎ አይበላውም። ቢሆንም እሱም ውሃና ቅባት ሊመጥ ይችላል።

ፖርስሊን ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ጥሩ ነጭ ሸክላ አፈር ከሌሎች ከተፈጩ ማዕድናት ጋር ይደባለቃል፤ በከባድ መጭመቂያ ይጫናል፤ ከዚያም በ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እሳት ይተኮሳል። የጀበናችንና የምጣዳችን ዘመድ ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም፤ ልዩነቱ እሳቱ እጅግ የበረታ መሆኑ ነው። ከዚህ የተነሣ ፖርስሊን ውሃ አይጠጣም ለማለት ይቻላል። ፖርስሊን ለመባል የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ይህም ማለት 100 ኪሎ ፖርስሊን የሚጠጣው ውሃ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ነው።

እንዴት ትለያለሽ?

የዛሬ ፋብሪካ የእብነ በረድን መልክ በፖርስሊን ላይ ስለሚያትም፣ ከሩቅ ሲያዩት ባለቤቶቹም ይሳሳታሉ። እነዚህን አራት ምልክቶች ፈልጊ።

1. መስመሮቹን ተመልከቺ። በእብነ በረድ ላይ ያለው የደም ሥር የመሰለ መስመር በአንዱና በሌላው ላይ ፈጽሞ አንድ አይሆንም። ያው አንድ መስመር በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ተደግሞ ካየሽ የታተመ ፖርስሊን ነው።

2. ጠርዙን ተመልከቺ። በበሩ ደፍ፣ በመደርደሪያው ጫፍ ወይም በውሃ መውረጃው ዙሪያ የተቆረጠ ጎን ይታያል። በእብነ በረድ መስመሩ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በአብዛኛው ፖርስሊን ግን ስዕሉ ከላይ ብቻ ነው፤ ጎኑ ወጥ ቀለም አለው።

3. በደረቅ ወለል ላይ፣ ከዳር በኩል፣ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ውሃ አኑሪና 10 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ስትጠርጊው ቦታው ጠቆር ብሎ ከቆየ ድንጋዩ ውሃ ጠጥቷል። ካልጠቆረ ግን ፖርስሊን ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ መከላከያ ቅባት የተቀባ ድንጋይም ውሃ አይጠጣም። ይህን ሙከራ በውሃ ብቻ አድርጊው፤ በሎሚ ወይም በአቼቶ ፈጽሞ አትሞክሪ።

4. ጠይቂ። በሊባኖስ “ሃይዳ ሩኻም ወላ ቦርስላን?” በዪ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች “ሃዳ ሩኻም ወላ ቦርስላን?” ማለት ትችያለሽ። ሩኻም እብነ በረድ ነው። መጠየቅ አለማወቅን አያሳይም፤ ጥንቃቄሽን ያሳያል።

ካልተለየልሽ እንደ እብነ በረድ ቁጠሪው። ፖርስሊንን እንደ እብነ በረድ አድርጎ ማጽዳት ምንም አይጎዳውም። እብነ በረድን እንደ ፖርስሊን ማጽዳት ግን ይጎዳዋል።

የነጩ ኖራ ነገር

በቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ወለሉን ሊያስወለውል የመጣ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ የነገረኝን እስከ ዛሬ ለእህቶች እነግራለሁ። “ኖራውን የሚበላ ሁሉ እብነ በረዱንም ይበላል” አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

የሊባኖስ ተራሮች አብዛኛው ክፍላቸው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡና በረዶው በዚያ ውስጥ አልፎ ምንጭ ሲሆን ኖራ ይዞ ይወጣል። ውሃው በቧንቧው፣ በመስተዋቱና በግድግዳው ላይ ሲደርቅ ኖራው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውም እሱ ነው። ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እብነ በረዱም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አቼቶ፣ ሎሚ ወይም የኖራ ማስለቀቂያ ስትረጪ አሲዱ ኖራውንና ድንጋዩን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ይበላል። ትንሽ አረፋ ይወጣል፤ ሲደርቅ ብርሃኑ የጠፋ ደብዛዛ ቦታ ይቀራል። ያ ቦታ ቆሻሻ ስላልሆነ ቢፈትጉት አይለቅም፤ የድንጋዩ ፊት ራሱ ተበልቷል።

በየቀኑ እንዴት ታጸጃለሽ?

ለእብነ በረድ ሻወር፦

• ቤተሰቡ ታጥበው ሲወጡ ውሃውን በጎማ መጥረጊያ አውርደሽ በደረቅ ጨርቅ አድርቂ። ውሃ ካልደረቀበት ኖራ አይጋገርበትም። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ ከሳምንት ፍተጋ ታድንሻለች።
• ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሪ፤ ሎሚ ወይም አቼቶ ያለበት ሳሙና ግን አይሁን። ለእብነ በረድ ተብሎ የተሠራ ሳሙና ካለ እሱ ይሻላል። ከዚያ በደንብ አለቅልቂ፤ ሳሙና ሲቀር ያንሸራትታል።
• ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ተጠቀሚ። የብረት ሽቦና አሸዋማ ዱቄት ሳሙና ይፍቃሉ።
• ቧንቧው ላይ ኖራ ቢኖር ማስለቀቂያውን አትርጪ። በጨርቅ ጥቂት ነክረሽ ቧንቧውን ብቻ ጥረጊ፤ ወዲያው በውሃ አጥበሽ አድርቂ።
• የመላጫ አረፋ ቆርቆሮ ድንጋዩ ላይ አታስቀምጪ፤ ዝገቱ ይገባበታል። ሂና ወይም የፀጉር ቀለም ቢንጠባጠብ ሳይደርቅ ጥረጊ።

ለፖርስሊን ሻወር፦

• ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ለአብዛኛው ቀን ይበቃል።
• ኖራ ከበዛ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ይቻላል። ነገር ግን በመካከል ያለው መጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ ስለ ሆነ አሲድ እሱንም ይበላዋል። ስለዚህ አታቆዪው፤ ቶሎ በብዙ ውሃ እጠቢው።
• ብርቱ አሲድ ለፖርስሊንም አያስፈልግም። በሊባኖስና በሶርያ “ሩሕ ኤል ሚልሕ” የሚሉት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ጢሱ ሳንባ ያቃጥላል፤ መጋጠሚያ ይበላል፤ ብረት ያዝጋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትክፈቺው።

ፈጽሞ አትደባልቂ

ከዚህ በላይ ያለውን ብትረሺ ይህን ክፍል አትርሺ።

በረኪና፣ ክሎሮክስ ወይም ጃቬል የሚሉት ሁሉ አንድ ወገን ነው። አቼቶ፣ የሎሚ ጨው፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ የኖራ ማስለቀቂያ ደግሞ ሌላ ወገን ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ለመግደል የዋለ መርዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ተንበርክካ ወለል የምትፈትገው ሴት ከቆመው ሰው ይልቅ ትጎዳለች። መስኮት በሌለው ሻወር ቤት ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም። በረኪና ከአሞኒያ ጋርም አይደባለቅም፤ አንዳንድ የመስተዋት ማጽጃ አሞኒያ አለበት።

ሁለቱን በአንድ ባልዲ አለማድረግ ብቻ አይበቃም። ጠዋት አሲድ የፈሰሰበትን ወለል ሳያጥቡ በረኪና ማፍሰስም መደባለቅ ነው። “ሁለት ሲሆን የበለጠ ያጸዳል” የሚልሽ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አትስሚው።

በረኪና ስትጠቀሚ በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኚው፤ በሩን ክፈቺ፤ የአየር ማውጫውን አብሪ፤ ጓንት አድርጊ። በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠሽ አታስቀምጪ፤ ሕፃን ሊጠጣው ይችላል።

ሽታው ካነቃሽ ወይም ዓይንሽ ካለቀሰ፦

• ሥራውን ጥለሽ ወዲያው ውጪ። ባልዲውን ልድፋ ብለሽ አትመለሺ። በሩን ክፍት ትተሽ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ውጭ ሂጂ፤ ሕፃናትንም አውጪ።
• ዓይን ውስጥ ከገባ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቢ። ልብስሽ ላይ ከፈሰሰ አውልቂው፤ ቆዳሽን በብዙ ውሃ እጠቢ።
• የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስታውክ አታስገድጂ።
• መተንፈስ ካስቸገረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ሳሉ ካልተወሽ “ያልፋል” ብለሽ አትተኚ። በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ በዮርዳኖስ 911፣ በኩዌት 112፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998 ደውዪ። የጠርሙሶቹን ፎቶ ለሐኪሙ አሳዪ።

ጥፋተኛ ብትባዪስ?

መከላከሉ የሚጀምረው ሥራ በጀመርሽ ሳምንት ነው። ከማዳም ጋር ሻወሩን ዙሩና “ይህን በምን ላጽዳው?” ብለሽ ጠይቂ። ቀድሞ ደብዝዞ ወይም ተሰንጥቆ ያገኘሽው ቦታ ካለ አሳያት። ከተፈቀደልሽ ፎቶ አንሺ፤ ቀኑ በስልክሽ ላይ ይቀራል።

አቼቶ በእብነ በረድ ላይ አድርጊ ብትልሽ በትሕትና “ማዳም፣ አልኸል ቢኸሪብ ሩኻም” በዪ። አቼቶ እብነ በረድ ያበላሻል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ካዘዘችሽ፣ የሚቻል ከሆነ ትእዛዙን በስልክ መልእክት እንድትልክልሽ ጠይቂ። በረኪናና አሲድ ደባልቂ የሚል ትእዛዝ ግን የድንጋይ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ እምቢ በዪ።

ጉዳት ደርሷል ከተባለ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለዪ። ነጭና ሻካራ ሆኖ በጣት የሚዳሰስ ከሆነ የውሃ ኖራ ነው፤ ማንም አላበላሸውም። ጠቆር ያለ ወይም ቀለም ያለው ከሆነ ድንጋዩ የጠጣው ነገር ነው። ነጭ እብነ በረድ በውስጡ ብረት ካለበት በእርጥበት ብቻ ወደ ቢጫ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ የድንጋዩ ጠባይ እንጂ የሠራተኛ ጥፋት አይደለም። ለስላሳ ሆኖ ብርሃኑ ብቻ የጠፋ ከሆነ አሲድ ነክቶታል። ይህም ቢሆን ባለሙያ በመወልወያ መሣሪያ መልሶ ሊያበራው ይችላል። የደበዘዘ አንድ ቦታ ማለት ግድግዳው ሁሉ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይሠራል ማለት አይደለም። ዋጋ ከተጠራብሽ “ባለሙያ አይቶት ነው?” ብለሽ ጠይቂ።

ማንበብ የማትችዪውን ወረቀት አትፈርሚ። “ብቻ ፈርሚ፣ ምንም አይደለም” ቢሉሽም አትፈርሚ። በሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ስላደረጋቸው ኮንትራትሽ ትልቅ መያዣሽ ነው፤ ቅጂው በእጅሽ ወይም በስልክሽ ይኑር። ደመወዝ ከተያዘብሽ የተያዘበትን ወርና መጠን ጻፊ፤ ከዚያ ወደ እኛ ወይም ወደ ቆንስላው ደውዪ። ተቆጥተሽ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ደውዪልን። መውጣቱ ብቻውን ሌላ ክስ እንዳያመጣብሽ አብረን እናስባለን። የሚመቱሽ ወይም የሚያስፈራሩሽ ከሆነ ግን ነፍስሽን ማዳን ይቀድማል።

በገዛ ቤትሽ የቱን ትመርጫለሽ?

ብዙዎቻችሁ በላባችሁ ገንዘብ አገር ቤት ቤት ታሠራላችሁ። “እኔም እንደ ማዳም እብነ በረድ ሻወር ይኑረኝ” የሚል ምኞት ክፉ አይደለም። አገራችንም እብነ በረድ አላት፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የታወቀ ነው። ነገር ግን እዚህ ሻወር ስትጠርጊ ያየሽውን አስቢ። እብነ በረድ በሻወር ውስጥ በየጊዜው መከላከያ መቀባት፣ በየቀኑ መድረቅ፣ ከሎሚና ከአቼቶ መጠበቅ ይፈልጋል። እናትሽና እህቶችሽ ያንን ሁሉ ያደርጉታል? ክብደቱንም አስቢ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ፖርስሊን ግን 23 ኪሎ ገደማ ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ለሻወር ፖርስሊን እላለሁ። ለወለሉ የማያንጸባርቅና ሻከር ያለው ይሁን፤ የተወለወለ ወለል በሳሙና ውሃ አሮጊት ይጥላል። እብነ በረድ ከወደድሽ ለደረጃው ወይም ለመስኮቱ ደፍ አድርጊው፤ እዚያ ሳሙናና ሎሚ አያገኘውም።

የቱንም ብትመርጪ ከላይ ያለው ውበት ውሃ አያቆምም። ውሃ የሚያቆመው ከሥር የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው ውሃ መከላከያ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት በእነዚህ ነገሮች ላይ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ጠይቂ፦

• ከሥር ያለው መከላከያ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት።
• ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው ማዘንበሉን፤ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል።
• ሙከራውን፤ መውረጃው ተደፍኖ ውሃ ተሞልቶ 24 ሰዓት ሲቆይ ከሥር ያለው ጣሪያ ወይም የጎን ግድግዳ አለመርጠቡን።
• የሚለጠፍበትን ማጣበቂያ። ፖርስሊን ውሃ ስለማይጠጣ ተራ የሲሚንቶ ጭቃ በደንብ አይይዘውም፤ ለፖርስሊን የተሠራ ማጣበቂያ ይፈልጋል።
• ትርፍ ፖርስሊኑን። ከሚያስፈልገው 10 በመቶ ያህል ጨምረሽ ግዢ፤ የተረፈውን አስቀምጪ። ነገ አንዱ ቢሰበር ያንኑ ቀለም ከገበያ ላታገኚው ትችያለሽ።

“እሷ ውጭ ናት፣ ምን ታውቃለች” ብሎ የሚያስብ ሠራተኛ እነዚህን ጥያቄዎች ሲሰማ ይጠነቀቃል። ቤቱን የሚሠራው ወንድምሽ ቢሆንም ጠይቂ፤ ጥያቄ አለማመን አይደለም።

ከጓደኞችሽ ጋር ለመወያየት

1. በምሠራበት ቤት ሻወሩ ከምን ተሠርቷል? በየትኛው ምልክት ለየሁት?
2. በሥራ ቤቴ ካሉት ጠርሙሶች የትኞቹ ከበረኪና ጋር አይገናኙም? ጽሑፉን ማንበብ ካልቻልኩ ማንን እጠይቃለሁ?
3. የድንገተኛ ጊዜ ቁጥሩ በስልኬ ተመዝግቧል?
4. የኮንትራቴ ቅጂ የት ነው ያለው?
5. አገር ቤት ለሚሠራው ቤት ገንዘብ ከመላኬ በፊት የትኛውን ፎቶ እጠይቃለሁ?

በእሑድ ስትገናኙ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል እህት አንብቢላት። በተለይ “ፈጽሞ አትደባልቂ” የሚለውን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቢላት። እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ፤ በጤና ለአገርሽ ያብቃሽ።